የሚያንጠባጥብ ሴፍቲ ቫልቭ፦ ላጥብቀው ወይስ ላስፈታው?

ጥያቄው ይህ ነው፦ «ጤና ይስጥልኝ ኢንጂነር። ገላን አካባቢ ባለ የሳሙና ፋብሪካ ጥገና ክፍል ውስጥ እሠራለሁ። በሰዓት 2 ቶን እንፋሎት የሚሰጥ ቦይለር አለን፤ የሚነደው በጥቁር ናፍጣ ነው። የምንሠራው በ7 ባር ግፊት ነው። ሴፍቲ ቫልቩ ላይ 8 ባር ተብሎ ተጽፏል። እኔ ከገባሁ ጀምሮ ተፈቶ አያውቅም፤ ከእኔ በፊትም የፈታው የለም ይላሉ። ሰሞኑን ማንጠባጠብ ጀምሯል፤ አንዳንዴም ያፏጫል። የቦይለር ኦፕሬተራችን ብዙ ዓመት የሠሩ ሰው ናቸው፤ ‹ትንሽ ጠበቅ ብናደርገው ይተዋል› ይላሉ። ሥራ አስኪያጁ ደግሞ ‹ፕሬዠር ስዊች አለ፣ ጌጅ አለ፣ ኦፕሬተር አለ፤ ለዚህ ብለን ምርት አናቆምም› ብለዋል። ምን ላድርግ? የኮምፕረሰሩ ታንክ ላይ ያለውም እንዲሁ ተነክቶ አያውቅም።»

ጤና ይስጥልኝ ወንድሜ።

አጭሩን መልስ አስቀድሜ ልስጥህ፤ ምናልባት አሁን ፈረቃ ላይ ትሆናለህ። ቫልቩን አታጥብቀው። ሌላ ሰው እንዲያጠብቀውም አትፍቀድ። እኔን ከጠየቅከኝ፣ ለዓመታት ሳይፈተሽ ኖሮ አሁን ማፍሰስ የጀመረ ሴፍቲ ቫልቭ ያለው ቦይለር መቆም ያለበት ዛሬ ነው። አለቆችህ ዛሬ አይሆንም ካሉ ቢያንስ ሥራው እስከፈቀደ ድረስ ግፊቱን አውርዱ። ኦፕሬተሩ ከቦይለሩ አጠገብ አይለዩ። የሚቆምበት ቀንም በዚህ ሳምንት ውስጥ ይቆረጥ። «ሲመቸን» የተባለ ቀን አይመጣም።

አሁን ወደ ምክንያቱ እንሂድ። ምክንያቱን በደንብ ካልያዝከው ሥራ አስኪያጁ ፊት ስትቆም የምትለው ያጥርሃል።

ቫልቩ ውስጥ ያለው ነገር ቀላል ነው። ከታች እንፋሎቱ መዝጊያውን ዲስክ ይገፋል፤ ከላይ ስፕሪንጉ ይጫነዋል። እንፋሎቱ ሲያሸንፍ ይከፈታል፤ ግፊቱ ሲወርድ መልሶ ይዘጋል። በቃ። ፈረንሳዊው ዴኒ ፓፓን በ1670ዎቹ መጨረሻ ላይ አጥንት የሚያለሰልስ የእንፋሎት ድስት ሲሠራ፣ ድስቱ እንዳይፈነዳበት በክብደት የሚጫን መልቀቂያ አበጀለት። ዛሬ ክብደቱ በስፕሪንግ ተተካ እንጂ ሐሳቡ ያው ነው። ኤሌክትሪክ አይፈልግም። ሰው እንዲያዘው አይጠብቅም። ቦይለርህ ላይ ካሉት መከላከያዎች መብራት ጠፍቶም፣ ኦፕሬተሩ እንቅልፍ ወስዶትም፣ ስዊቹ ተበላሽቶም ሥራውን ይሠራል ብለህ የምትተማመንበት እሱ ነው። ለዚህ ነው ይሠራል አይሠራም የሚለው ጥያቄ በግምት የማይመለሰው።

የሚያንጠባጥበው ለምንድን ነው? ብዙ ጊዜ ዲስኩና የሚያርፍበት መቀመጫ በደንብ ስላልገጠሙ ነው። ትንሽ ዝገት ወይም ከውሃው የተጋገረ የማዕድን ቅርፊት ስባሪ መሃል ገብቶ ሊሆን ይችላል። ወይም እንፋሎቱ ራሱ መቀመጫውን ቦርቡሮታል። እንፋሎት በቀጭን ቀዳዳ በኃይል ሲወጣ ብረት ይበላል፤ ፀጉር የሚያህል ጭረት ቀስ በቀስ ቦይ ይሆናል። የማስወጫ ቱቦው ክብደት ቫልቩን አጣሞትም ሊሆን ይችላል። ስፕሪንጉ ዝጎና ደክሞ ከ8 ባር በታች መክፈት ጀምሮም ይሆናል።

አንድ ነገር ደግሞ አንተው ሄደህ እይ። «በ7 ባር ነው የምንሠራው» ብለሃል። ግፊቱ ሲደርስ ነዳጁን የሚያነደውን በርነር የሚያጠፋው ፕሬዠር ስዊች ግን ስንት ላይ ነው የሚያጠፋው? 7.6 ወይም 7.7 ላይ ከሆነ ቫልቩ ሁልጊዜ በመክፈቻው ጫፍ ላይ ነው ያለው፤ ማፏጨቱ አይገርምም። የሥራ ግፊትና የመክፈቻ ግፊት መካከል ቢያንስ 10 ከመቶ ያህል ልዩነት መተው የተለመደ ነው። ማጥፊያውን ወደ 7 ወይም ከዚያ በታች ስታወርደው ፉጨቱ የሚቀንስ ከሆነ አንዱን ምክንያት አገኘህ ማለት ነው። መቀመጫው ግን በዚሁ ሰበብ ተጎድቶ ሊሆን ስለሚችል ቫልቩ መፈታቱ አይቀርም።

ስፕሪንጉን ማጥበቅ ከእነዚህ ውስጥ አንዱንም አያድንም። የተቦረቦረ መቀመጫ አይሞላም፤ የገባውን ስባሪ አያወጣም። የሚያደርገው አንድ ነገር ብቻ ነው፦ ቫልቩ የሚከፈትበትን ግፊት ወደ ላይ ይወስደዋል። ወደ 9 ይሁን ወደ 11 የሚያውቅ ሰው የለም። አልፎ ተርፎም ስፕሪንጉ በጣም ሲጠብቅ ጥቅልሎቹ እርስ በርስ ይነካካሉ። ያኔ ቫልቩ ቢከፈት እንኳ ዲስኩ እስከ መጨረሻው አይነሳም፤ መውጣት ያለበትን ያህል እንፋሎት ማውጣት አይችልም። 8 ባር የሚል ቫልቭ ትክክለኛነቱ በ3 ከመቶ ገደማ ውስጥ መሆን አለበት ተብሎ ነው የሚፈተሸው። ይህም ከ7.76 እስከ 8.24 ባር ማለት ነው። እንዲህ ያለ ልክ በመፍቻና በጆሮ አይገኝም። ኦፕሬተሩን አከብራቸዋለሁ፤ ረጅም ዓመት እሳት ፊት የቆመ ሰው ብዙ ያውቃል። ይህ ግን ልምድ የሚፈታው ነገር አይደለም። መለኪያ ያስፈልገዋል።

አሁን ከሁሉ በላይ እንድትጠነቀቅለት የምፈልገውን ልንገርህ። ማንጠባጠቡ አንድ ቀን በራሱ ሊያቆም ይችላል። ያኔ ሁሉም «ተወው፣ ዳነ» ይላል። አንተ ግን ደስ እንዳይልህ። በአቃቂና በገላን ዙሪያ ብዙ ፋብሪካ የጉድጓድ ውሃ ነው የሚጠቀመው፤ ማዕድን አለበት። ማዕድኑን ከውሃው የሚያወጣው ሶፍትነር በደንብ ካልሠራ፣ ጨውም በሰዓቱ ካልተጨመረለት፣ ያ ማዕድን ቦይለር ውስጥ ይገባል። የሚያፈስ ቫልቭ ላይ ውሃው ይተንና ማዕድኑ ይቀራል። ዲስኩና መቀመጫው መሃል ይጋገራል። ማፍሰሱ የሚቆመው ቫልቩ ስለዳነ ላይሆን ይችላል፤ ተጣብቆም ሊሆን ይችላል። የሚያፈሰው ቫልቭ ቢያንስ ችግሩን ይነግርህ ነበር። የተጣበቀው ምንም አይነግርህም።

በአንድ ፋብሪካ ያየሁትን ልጨምርልህ፤ ስሙን አልጠራም። ቫልቩ ከውጭ ሲታይ ምንም አይወጣለትም። ቀለሙ አልተላጠም። የእርሳስ ማኅተሙ አልተነካም። መፈተሻ ላይ አስረን ግፊት ስንሰጠው መክፈት ያለበትን ልክ አልፎ ሄደ፣ አሁንም ሄደ፣ አልከፈተም። ከመክፈቻ ግፊቱ ግማሽ ያህል ጨምረን እንኳ አልተነቃነቀም። ሲፈታ ዲስኩ ነጭ ድንጋይ በመሰለ ቅርፊት መቀመጫው ላይ ተጋግሯል። በየቀኑ ከዚያ ቦይለር አጠገብ የሚያልፉት ሠራተኞች አንድ ነገር ይጠብቀናል ብለው ነበር። የጠበቃቸው ነገር ግን አልነበረም። የማኅተም አለመነካት ማንም አልነካካውም ማለት ብቻ ነው፤ ይሠራል ማለት አይደለም። የዚህ መሣሪያ ክፉ ጠባዩ ይኸው ነው። ሞተር ሲበላሽ ይቆማል፣ ፓምፕ ሲበላሽ ይጮኻል። ሴፍቲ ቫልቭ ሲበላሽ ልክ እንደ ጤነኛው ዝም ብሎ ይቀመጣል። ሳይፈተሽ የሚለየው ሰው የለም።

ወደ ሥራ አስኪያጁ ክርክር እንምጣ። «ስዊች አለ፣ ጌጅ አለ» ማለታቸው ብዙ ሰው የሚለው ነው፤ ሲሰማም ትክክል ይመስላል። እስቲ ሂድና ግፊቱን የሚያሳየው ጌጅና ስዊቹ ከምን ላይ እንደተገጠሙ ተመልከት። አብዛኛውን ጊዜ ሁለቱም ከአንድ ቀጭን፣ ተጠማዛ ቱቦ ላይ ነው የሚነሱት። ያቺ ቱቦ በቅርፊትና በዝቃጭ ከተደፈነች ጌጁ ትክክለኛውን ግፊት አያይም፤ ስዊቹም አያይም። ቦይለሩ ውስጥ ግፊቱ እየጨመረ ጌጁ 6 ባር ላይ ቆሞ ሊታይ ይችላል። ስዊቹ «ገና ነው» ብሎ በርነሩን እንደነደደ ይተወዋል። ኦፕሬተሩም ጌጁን እያዩ ሁሉም ደህና ነው ይላሉ። ሦስት መከላከያ አለን ያሉት አንድ ሆኖ ተገኘ ማለት ነው። ስዊች ላይ ሌላም አለ፤ የኤሌክትሪክ መነካኪያው ተቃጥሎ ሊጣበቅና ጨርሶ አላጠፋም ሊል ይችላል።

ስለዚህ ቦይለሩ ሲቆም ቱቦዋንም አስፈትተህ አጽዳ። ጌጁ ግፊት በሌለበት ዜሮ ላይ መመለሱን እይ። ካልተመለሰ ይቀየር። የተመለሰውም ቢሆን በዓመት አንዴ ከተፈተሸ ጌጅ ጋር ይወዳደር። መስታወቱ ጨልሞ፣ ቁጥሩ ጠፍቶ፣ «እኛ እናውቀዋለን» የሚባል ጌጅ ብዙ ቦታ አይቻለሁ። ፈረቃ የሚቀይረው አዲሱ ልጅ አያውቀውም። የማይበለጠው ግፊት ላይ ቀይ መስመር ይደረግበት።

ቦይለር ሲፈነዳ ለምን እንደዚያ እንደሚሆን ሥራ አስኪያጁ ቢሰሙ ጥሩ ነው። በአዲስ አበባ ዙሪያ ከፍታው ትልቅ ስለሆነ ክፍት ድስት ውስጥ ውሃ የሚፈላው 93 ዲግሪ ገደማ ላይ ነው። በ7 ባር ቦይለር ውስጥ ያለው ውሃ ግን 169 ዲግሪ ገደማ ደርሶም ውሃ ነው፤ እንዳይፈላ የያዘው ግፊቱ ነው። አካሉ ከተቀደደ ግፊቱ በቅጽበት ይጠፋል። ከእያንዳንዱ ቶን ውሃ 140 ኪሎ ያህሉ ወዲያው እንፋሎት ይሆናል። ያ እንፋሎት 300 ሜትር ኩብ ያህል ቦታ ይፈልጋል። ወርዱም ርዝመቱም 10 ሜትር፣ ከፍታው 3 ሜትር የሆነ ክፍል ማለት ነው፤ ያውም ከአንድ ቶን ውሃ ብቻ። ቆርቆሮ ጣሪያና የብሎኬት ግድግዳ ይህን አይችለውም። ቦይለሩ ክፍል አጠገብ የልብስ መቀየሪያ ወይም ምሳ የሚበላበት ቦታ ካለ ከሁሉ አስቀድሞ እሱ ይነሳ።

ይህ ደግሞ የተረት ነገር አይደለም። በአሜሪካ ማሳቹሴትስ፣ ብሮክተን ከተማ፣ እ.ኤ.አ. መጋቢት 20 ቀን 1905 የአንድ ጫማ ፋብሪካ ቦይለር ፈንድቶ 58 ሰዎች ሞቱ። ግዛቲቱ የቦይለር ሕግ ያወጣችው ከዚያ በኋላ ነው፤ ዛሬ ብዙ አገር የሚጠቀምበት የአሜሪካ መካኒካል መሐንዲሶች ማኅበር የቦይለር ደንብም የዚያ ዘመን ልጅ ነው። ወደ እኛ ኑሮ የሚቀርበው ግን የባንግላዴሹ ነው። እ.ኤ.አ. ሐምሌ 2017 በጋዚፑር የአንድ ልብስ ፋብሪካ ቦይለር ፈንድቶ ከ10 በላይ ሰዎች ሞተዋል። ፋብሪካው ለዒድ ተዘግቶ ሊከፈት ሲል ነበር። እኛም ከፋሲካ፣ ከገና፣ ከመስቀል በኋላ የቆመ ቦይለር እንደገና የምናስነሳበት ቀን አለ። ያ ቀን ጥድፊያ አለበት፤ ሰው ከቤተሰቡ መጥቶ ገና ልቡ አልተመለሰም፤ ምርት ተጠብቋል። እባክህ በዚያ ቀን ልዩ ጥንቃቄ ይደረግ።

መብራት የሚጠፋበትንም ሰዓት አስብ። የእናንተ ቦይለር በናፍጣ ስለሆነ መብራት ሲጠፋ በርነሩ አብሮ ይጠፋል፤ ይህ መልካም ነው። ወደ ድንጋይ ከሰልና ወደ እንጨት የዞሩ ጎረቤቶቻችሁ ግን ሌላ ጣጣ አለባቸው። ማሽኖቹ ይቆማሉ፣ እንፋሎት የሚወስድ የለም። የውሃ ፓምፑ ይቆማል። እሳቱ ግን መብራት መጥፋቱን አያውቅም፤ መንደዱን ይቀጥላል። ግፊቱ ሲጨምር ያንን እንፋሎት የሚያስወጣው ሴፍቲ ቫልቩ ብቻ ነው። በጠጣር ነዳጅ የምትሠሩና ይህን የምታነቡ ካላችሁ፣ ለእናንተ ነገሩ ከጠያቂው ይብሳል።

ለአንተ ደግሞ አደጋው መብራቱ ሲመለስ ነው፤ ውሃው ወርዶ ሳለ በርነሩ ሊነድ ይችላል። ሴፍቲ ቫልቭ ከውሃ ማነስ አያድንም። ቦይለር በብዛት የሚበላሸው ውሃው ወርዶ ቱቦዎቹ በደረቁ ሲነዱ ነው። የውሃ ማሳያ መስታወቱን በየፈረቃው ማፍሰሻውን ከፍታችሁ አጥሩት፤ ውሃ ሲያንስ በርነሩን የሚያጠፋውንም መሣሪያ አምራቹ ባዘዘው ጊዜ ሞክሩት። መስታወቱ ላይ ውሃ ከጠፋና መቼ እንደጠፋ ካላወቃችሁ ውሃ አትጨምሩ። እሳቱን አጥፉ፣ ከአካባቢው ራቁ፣ በራሱ ይቀዝቅዝ። በጋለ ብረት ላይ ቀዝቃዛ ውሃ መልቀቅ የሰው ሕይወት ሊቀጥፍ ይችላል።

ወደ ቫልቩ ልመለስ፤ እንዴት ይፈታ? ቦይለሩ ይጥፋ፣ ይቀዝቅዝ፣ ግፊቱ ዜሮ ይሁን። ጌጁን ብቻ አትመን፤ ከላይ ያለውን የአየር መልቀቂያ ከፍተህ ምንም እንደማይወጣ አረጋግጥ። የበርነሩ ማብሪያ በቁልፍ ይቆለፍና ቁልፉ ከአንተ ጋር ይሁን። ሌላ ቦይለር በአንድ ዋና መስመር የተገናኘ ከሆነ ያንን መስመር ዝጋና ቆልፍ። ቫልቩ ሲወርድ የሰሌዳውን ጽሑፍ ፎቶ አንሳ። ቦይለሩ ራሱ ላይ ያለውን ሰሌዳም አንሳ፤ ትልቁ የተፈቀደው ግፊት እዚያ ላይ አለ። የቫልቩ 8 ባር ከዚያ መብለጥ የለበትም።

ቫልቩ መሄድ ያለበት ትክክለኛ የግፊት መፈተሻ ወዳለው ወርክሾፕ ነው። ቶርኖ ቤት ወስዶ ማስላጥ ብቻውን አይበቃም። ዲስኩና መቀመጫው ተፈልፍሎ ሳይሆን በደቃቅ የማፋተጊያ ዱቄት ተፋትጎ ነው የሚገጥመው፤ ስፕሪንጉ ይመረመራል፤ ከዚያ ግፊት ተሰጥቶት ስንት ላይ እንደከፈተና ስንት ላይ እንደዘጋ ይጻፋል፤ ማኅተም ይደረግበታል። ወርክሾፑን አንድ ነገር ጠይቅ፦ የምትፈትሹበት ጌጅ ራሱ መቼ ተፈተሸ? ወረቀት ካላሳዩህ ሌላ ፈልግ። ስለ ጌጅ ፍተሻ የመለኪያዎችን ትክክለኛነት የሚፈትሸውን የሥነ ልክ ኢንስቲትዩት፣ ስለ ቴክኒክ ምርመራ ደግሞ የተስማሚነት ምዘና ድርጅቱን ጠይቀህ ምን አገልግሎት እንደሚሰጡህ እወቅ። ቫልቩ ከመጠገኑ በፊትም አንዴ እንዲፈተሽ እዘዝ። እንደመጣ ስንት ላይ እንደከፈተ ካላወቅክ፣ እስከ ዛሬ ተጠብቃችሁ እንደነበር ወይም እንዳልነበር መቼም አታውቅም። ሥራ አስኪያጁን ከማንኛውም ንግግር በላይ የሚያሳምናቸውም ያ ቁጥር ነው።

መቀየር ካስፈለገ ደግሞ «ጥርሱ ገጠመ» ብለህ እንዳትገዛ። መርካቶ ላይ ተመሳሳይ ኢንች ያላቸው፣ ውስጣቸው ግን የተለያየ ቫልቮች አሉ። ሦስት ነገር ይመሳከር። አንደኛ ለእንፋሎት የተሠራ ይሁን፤ ለአየር ወይም ለውሃ የተሠራ፣ መቀመጫው ጎማ የሆነ ቫልቭ በዚያ ሙቀት አይበረክትም። ሁለተኛ የመክፈቻ ግፊቱ። ሦስተኛ ሰው ሁሉ የሚረሳው የማስወጣት አቅሙ ነው። ቦይለርህ በሰዓት 2 ቶን ካመረተ ቫልቮቹ ቢያንስ በሰዓት 2,000 ኪሎ ማስወጣት አለባቸው። ከዚያ ያነሰ ቫልቭ ቢከፈትም ግፊቱ መጨመሩን ይቀጥላል። በዚህ መጠን ባሉ ቦይለሮች ላይ ብዙ ጊዜ ሁለት ቫልቭ ይገጠማል። የእናንተው ላይ አንድ ብቻ ከሆነ ሁለተኛው ተነስቶ ቀዳዳው በብሎን ተደፍኖ እንዳይሆን ተመልከት።

የማስወጫ ቱቦውን ችላ እንዳትል። ከቫልቩ አፍ መጥበብ የለበትም። ቫልቭም ሆነ መዝጊያ አይገባበትም፤ በቦይለሩና በቫልቩ መካከልም እንዲሁ። ክብደቱን ግድግዳው ወይም ጣሪያው ይሸከመው፤ ቫልቩ ላይ አይንጠልጠል። ጫፉ ሰው ወደሚያልፍበት አይዙር። ከታች ውሃ የሚያንጠባጥብበት ትንሽ ቀዳዳ ይኑረው፤ ያ ከሌለ ክረምቱን ሙሉ ዝናብ በጣሪያ በኩል ገብቶ ዲስኩ ላይ ይተኛል፣ ያዝገዋል። ዝናብ እንዳይገባ ብሎ ጫፉን በፌስታል ወይም በቆርቆሮ የሚደፍን አለ። ወፍ ጎጆ የሠራችበትም አጋጥሞኛል። ከሰኔ በፊት አንድ ሰው ጣሪያ ላይ ወጥቶ ይየው።

ቫልቩ ከተመለሰ በኋላ በእጅ የሚከፈትበትን ማንሻ እየሳቡ መሞከር የኦፕሬተሩ ሥራ ይሁን። ምን ያህል ጊዜ የሚለውን የአምራቹ መጽሐፍ ይወስናል፤ በየወሩ የሚል አለ፣ በየስድስት ወሩ የሚል አለ። ሲሳብ ቦይለሩ ውስጥ ከመክፈቻው ግፊት ቢያንስ 75 ከመቶ ያህል ይኑር፤ በ8 ባር ቫልቭ 6 ባር ማለት ነው። ግፊት ሳይኖር መሳብ ቆሻሻ መቀመጫው ላይ ያስቀራል። መነጽርና የጆሮ መከላከያ ይደረግ፤ ሰው ከማስወጫው ፊት ይነሳ። ማንሻውን መሳብ ዲስኩ መንቀሳቀሱን ያሳያል እንጂ በስንት ባር እንደሚከፈት አይናገርም። ስለዚህ በዓመት አንዴ በመፈተሻ ላይ መውጣቱ አይቀርም። አሁን ግን የሚያፈሰውን ቫልቭ በማንሻ ለማጥራት አትሞክር፤ ተከፍቶ አልዘጋም ቢል የምታደርገው ነገር የለህም።

ስለ ወጪው እንነጋገር፤ ሥራ አስኪያጁ የሚጨነቁት ለዚህ ስለሆነ። እኔ ብሆን ሁለተኛ፣ የተፈተሸ ቫልቭ መጋዘን እንዲቀመጥ እጠይቃለሁ። ያኔ በየዓመቱ አንድ እሑድ ጠዋት አንዱን አውርዳችሁ ሌላውን ትሰቅላላችሁ፤ የወረደው በሰላም ወርክሾፕ ይሄዳል፤ ሰኞ ምርት አለ። ዕቃው ከውጭ የሚመጣ ከሆነ የምንዛሪውን ጣጣ ታውቀዋለህ፤ የሚታዘዘው ሳይበላሽ ነው። ሕጉንም አስታውሳቸው። የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 የሥራ ቦታውን ደህንነት የመጠበቅ ግዴታ በአሠሪው ላይ ይጥላል፤ ሠራተኛው ደግሞ የደህንነት መሣሪያ እንዳይነካካና እንዳያበላሽ ይከለክላል። ስፕሪንጉን አጥብቅ የሚል ትዕዛዝ ቢመጣህ በቃል አትቀበል። በጽሑፍ ይሁን በል። ብዙ ትዕዛዝ ጽሑፍ ሲባል ይቀራል።

የኮምፕረሰሩ ነገር ይቀራል። አየር «ቀዝቃዛ ነው» ተብሎ ይናቃል። 8 ባር አየር የያዘ 500 ሊትር ታንክ ቢፈነዳ የሚለቀው ጉልበት አንድ ቶን ዕቃ ከ50 ሜትር በላይ ያነሳል። ታንኩን የሚበላው ከአየሩ ጋር ገብቶ ከታች የሚጠራቀመው ውሃ ነው፤ ከውስጥ ስለሚበላ ከውጭ አይታይም። የታችኛውን ማፍሰሻ በየቀኑ ክፈተው። የቆየ ታንክ ከሆነ የብረቱን ውፍረት በአልትራሳውንድ የሚለካ ባለሙያ አምጣ። ሴፍቲ ቫልቩ ላይ ያለችውን ቀለበት ጎን ቆመህ ሳባት፤ አየር ካልወጣ ወይም ቀለበቷ አልንቀሳቀስ ካለች ቫልቩን ቀይረው። ይሄኛው ርካሽ ነው፣ ምንም ሰበብ የለውም። ታንኩ ከተቀደደ ብየዳ ቤት ወስዳችሁ አስበይዳችሁ በአየር እንዳትሞክሩት። የግፊት ሙከራ የሚደረገው በውሃ ነው፤ ውሃ ስለማይታመቅ ታንኩ ቢሰነጠቅ እንኳ ይፈሳል እንጂ አይፈነጥቅም። ከቃሊቲ እስከ ዱከም መንገድ ዳር ባሉ ጎሚስታዎች የሴፍቲ ቫልቩ ቦታ በብሎን የተደፈነ ታንክ አጠገብ ልጆች ቁጭ ብለው ጎማ ሲጠግኑ አያለሁ። በዚያ ስታልፍ አንድ ቃል ብትነግራቸው ደስ ይለኛል።

አንድ ደብተር አሁኑኑ ክፈት። ቀን፣ ቫልቩ እንደመጣ ስንት ላይ ከፈተ፣ ከጥገና በኋላ ስንት ላይ ከፈተ፣ ማን ፈተሸው፣ የማኅተሙ ቁጥር፣ የጌጁ ፍተሻ ቀን። ከዚያ የሁለቱን ሰሌዳ ፎቶና ስዊቹ የሚያጠፋበትን ግፊት ላክልኝ። ቫልቩ ሲፈታም መቀመጫው ላይ ያየኸውን ጻፍልኝ፤ ነጭ ቅርፊት ከሆነ ቀጥሎ የምናወራው ስለ ሶፍትነሩ ነው።